ዐሥራ ሁለት ፊልም መምረጥ አቃተን

ኢንተርኔት ላይ የውይይት ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥፋት ካለም የእኔ ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። ባሕር ዳር ላይ ጥቂት ሆነን በወር አንድ ዓርብ ማታ ፊልም እናያለን። ቦታው ከሐይቁ ብዙ የማይርቅ የአንድ ወዳጃችን አዳራሽ ነው። ፕሮጀክተሩ የውሰት ነው። ስክሪናችን የተወጠረ አቡጄዲ ነው፤ ነፋስ ሲገባ የተዋናዮቹ ፊት ይጨማደዳል። እስካሁን ያገኘነውን ነበር የምናየው። አንዱ ሕንድ ያመጣል፣ አንዱ ቱርክ፣ አንዱ ደግሞ ፍላሹ ላይ አስጭኖ የመጣውን፣ ስሙን እንኳ የማያውቀውን ነገር። ዘንድሮ ግን ሥርዓት እንያዝ ተባባልን። ዐሥራ ሁለት የኢትዮጵያ ፊልም፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ፣ በወር አንድ። የአገሩን ፊልም ጨርሶ የማያውቅ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቢመጣ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ እንዲያይ።

ረቂቅ ዝርዝር ሠርቼ ለጠፍኩ። የትኛው ይውጣ፣ የትኛው ይግባ ብዬ ጠየቅኩ። እግረ መንገዴን አንዲት ሕግ ጨመርኩ፤ ዳይሬክተሩ ኢትዮጵያዊ ይሁን የምትል። ስጽፋት ሁለት ደቂቃ አልፈጀችብኝም። ያንን ሁሉ ንትርክ ያመጣችው ግን እሷ ናት።

መልስ 1 እና 2 ጨዋ ነበሩ። አንደኛው ሐሳቡን አመስግኖ መግቢያው ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ነፃ ነው፣ ሻይ ግን በየኪሳችን ነው አልኩት። ሁለተኛው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳ ግቢ ተማሪ ነው። ከፖሊ ግቢ ጓደኞቹን ይዞ ቢመጣ ወንበር ይበቃ እንደሆነ ጠየቀ። ወንበር አይበቃም።

መልስ 3 ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ገቡ። በጣም በትሕትና ነው የጀመሩት፤ ቀጥለው ግን እንደ ተማሪያቸው አረሙኝ። ‹ሂሩት አባቷ ማን ነው›ን 1957፣ ‹ጤዛ›ን 2008 ብዬ ጎን ለጎን ጽፌያለሁ። አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር። በእኔ አጻጻፍ ከሄድን በሁለቱ መካከል 51 ዓመት አለ። በትክክል ሲቆጠር ግን 43 ነው። ስምንት ዓመት ከየት አምጥቼ እንደጨመርኩ ጠየቁኝ። ይቅርታ ጋሼ ብዬ አስተካከልኩ።

ከዚያ መልስ 4 መጣ። ሰውየው ስሜን ጠርቶ ሰላም እንኳ አላለኝም። ያልኩትን ሕግ ወስዶ የራሴ ዝርዝር ላይ ሞከረው። የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ፊልም ብዬ ከላይ ያስቀመጥኩት ‹ሂሩት› ነው። ታሪኩን የጻፉት ኢላላ ኢብሳ ናቸው፤ ዳይሬክተሩ ግን ላምብሮስ ጆካሪስ የተባለ ግሪካዊ ነው። ቀጥሎ ያለው ‹ጉማ› ነው። የሚሼል ፓፓታኪስ ሥራ ነው፤ እሱም የግሪክ ዘር ያለው ሰው ነው። እንግዲህ በእኔ ሕግ አንደኛው በቀጥታ ይባረራል፣ ሁለተኛው በዘር ምርመራ ይታገዳል። በየዓመቱ የሚሰጠው የፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከ‹ጉማ› ነው ብሎ ጨመረበት። ሽልማቱን እያጨበጨብን ፊልሙን ልናስወጣው ነበር።

እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ሁለቱም ነገር ለየብቻው አይጠፋኝም። አንድ ላይ አምጥቼ አስቤበት ግን አላውቅም።

መልስ 5 ሊያስታርቀን ፈለገ። ዳይሬክተሩን ተዉት፣ ቋንቋውን እዩ አለ። በአማርኛ ከሆነ የእኛ ነው። አሳቡ ለአንድ ሰዓት ያህል ሰላም አወረደ። ከዚያ መልስ 6 ሁለት ፊልም ጠቅሳ አፈረሰችው። አንደኛው ‹ፋያ ዳዪ› ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ሐረር አካባቢ ስለ ጫት የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም። ዳይሬክተሯ ጄሲካ በሽር ናት። የሚነገርበት በአብዛኛው ኦሮምኛ ነው፤ ሐረሪም አማርኛም አለበት። በአማርኛ ብቻ ካልን ይህ ቢታጭም አይገባም። ሁለተኛው ‹ክራምብስ› ነው። ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ የሠራው፣ ዓለም ካለቀች በኋላ ስላለ ኑሮ የሚያወራ፣ የጠፈር መንኮራኩር ያለበት ጉድ። አማርኛው ኩልል ያለ ነው። በቋንቋ ከሄድን ይህ ገባ። እሷ ማስወጣትም ማስገባትም አልፈለገችም። ለሕጉ ብለን የማንወደውን እንዳናስገባ፣ የምንወደውን እንዳናስወጣ ነው የሰጋችው። ደግሞ አገሩ አንድ ቋንቋ ብቻ እንደማይናገር ለማስታወስ መገደዷ ያሳዘናት መሰለኝ።

መልስ 7 ጎንደሬ ነው። የኃይሌ ገሪማን ‹ሳንኮፋ› ማን ነው የሚያወጣው ብሎ ተነሳ። ያወጣው ሰው የለም፤ ገና አልተጠቀሰም። ግን የቋንቋው ሕግ እንደሚያስወጣው ቀድሞ ታይቶታል። ልክ ነበር። ኃይሌ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ‹ሳንኮፋ› ግን ስለ ባሪያ ንግድ ነው። ከጋና የባሕር ዳርቻ ምሽግ ተነስቶ እርሻ ላይ ወደተጋዙት ሰዎች ይሄዳል። ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው። ታዲያ የኢትዮጵያ ፊልም ነው ወይስ የኢትዮጵያዊ ፊልም? ሰውየው ለዚህ መልስ አልነበረውም። ይልቅ በ1993 እ.ኤ.አ. አከፋፋይ ሲያጣ ኃይሌ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ ማሳየቱን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ መውጣቱን ጻፈ። መልስ 8 የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ሐይቁ የጋራችን ስለሆነ ኃይሌም የጋራችን ነው ብሎ አበረደው። መልስ 9 ቀልድ ነበር። ዓመቱ ዐሥራ ሦስት ወር ሆኖ ፊልሙ ዐሥራ ሁለት የሆነው ጳጉሜን ምን በድላ ነው ብሎ ጠየቀ። ሳቅን፣ አለፍን። ይህቺን ግን ያዙልኝ።

መልስ 10 ሰነፍ መፍትሔ ይዞ መጣ። ይህን ያህል ከምትጨቃጨቁ የፈረንጆቹን ዝርዝር አይታችሁ እዚያ ላይ ያለውን ውሰዱ የሚል። የተናደደው ብዙ ነው። መልስ 12 ግን አልተናደደችም፤ ቁጭ ብላ አስረዳችው። ከዚህ ክር ውስጥ አንድ መልስ ብቻ አስቀር ብባል የእሷን ነው የማስቀረው።

ነገሯ እንዲህ ነው። ሳይት ኤንድ ሳውንድ የሚባለው የእንግሊዝ መጽሔት ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ምርጥ ፊልሞችን ያስመርጣል። እያንዳንዱ መራጭ ዐሥር ፊልም ይሰጣል፤ ቅደም ተከተል የለውም፣ አንዱ ስም አንድ ድምፅ ነው። ከ1962 እስከ 2002 ድረስ በአምስት ዙር ተከታትሎ ‹ሲቲዝን ኬን› አንደኛ ሆነ። በ2012 ‹ቨርቲጎ› ቦታውን ወሰደበት። በ2022 መራጮቹ ከ1,600 በላይ ሆኑና የሻንታል አከርማን ‹ዣን ዲልማን› አንደኛ ወጣ። የሴት ሥራ አንደኛ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ፊልሙ የተሠራው በ1975 ነው። በእነዚያ ዐሥር ዓመታት አንዲት ትዕይንት አልተጨመረበትም። የተጨመረው መራጭ ነው።

አይኤምዲቢ የሚባለው የፊልም ድረ ገጽ ላይ ያለው የ250 ዝርዝር ደግሞ በር አለው። 25,000 ድምፅ ያልሞላ ፊልም አይገባም። በዚያ በር የእኛ ፊልም የትኛው ያልፋል? አሜሪካኖቹ መንግሥታዊ መዝገብ አላቸው። በየዓመቱ 25 ፊልም ይመዘግባሉ፤ ፊልሙ ቢያንስ ዐሥር ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ምርጥ ነው ወይ ብለው አይጠይቁም። ለባህል፣ ለታሪክ ወይም ለጥበብ ፋይዳ አለው ወይ ነው ጥያቄያቸው። በ2022 የኃይሌ ገሪማ ‹ቡሽ ማማ› እዚያ ገብቷል። ይህን ስትጽፍ ጎንደሬው ወዲያው ብቅ ብሎ አመሰገናት። የአሜሪካ መዝገብ የእኛን ሰው ፊልም እንደ ራሱ ንብረት ሲመዘግብ እኛ የግሪኩን ለማባረር ተሰብስበናል ብላ ነው የጨረሰችው።

እኔ በዚህ ክሩ የሚዘጋ መስሎኝ ነበር። ሕጉን ሰረዝኩ። በቦታው ለኢትዮጵያ ፊልም ፋይዳ ያለው የሚል ላላ ያለ ነገር አደረግሁ። ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ መልስ 14 ነበረች። ይህቺ እህት ሌላ ቦታ ነው የመታችን። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አይታዋለች። ‹ጤዛ› ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸልሟል። ‹ላምብ› በ2015 እ.ኤ.አ. ካን በይፋዊው ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ተብሏል። ‹ድፍረት› በ2014 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት ወስዷል። ጥሩ። ሰው ትኬት ለመቁረጥ የተሰለፈለት ፊልምስ የት አለ? ‹የወንዶች ጉዳይ›ን የመሰለ፣ ቤተሰብ ተያይዞ ሄዶ የሳቀበት፣ ንግግሩ ታክሲ ውስጥ የሚደገም? አንድም ኮሜዲ የለም። የኢትዮጵያን ፊልም ለማያውቅ ሰው አሳያለሁ ብለን ኢትዮጵያዊው ያላየውን ሰብስበናል። ማኪያቷቸውን ፎቶ ሳያነሱ የማይጠጡ ሰዎች የሠሩት ዝርዝር ይመስላል አለች።

እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። መልስ 15 ኮሜዲ ፊልም አይደለም የሚል ነገር ጻፈ። መልስ 16 ለ15 የጻፈውን እዚህ አልደግመውም። መልስ 17 ሁለቱንም ሰደበ። ጣልቃ ገብቼ ሦስቱንም ቀዝቀዝ በሉ አልኩ፤ ለእኔም ደረሰኝ።

እኔ እህታችን ትክክል ናት ባይ ነኝ። የራሴን ዝርዝር ደግሜ ሳየው ግማሹን ያወቅሁት በሽልማቱ ዜና እንጂ በፊልሙ አይደለም። ‹የወንዶች ጉዳይ›ን ግን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ ያየሁትን ትቼ ስሙን ብቻ የማውቀውን ማስቀመጤ ምን ይባላል? በነገራችን ላይ ድሮ አዲስ አበባ ሲኒማ ሲከፈት ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ብሎት ነበር ይባላል። እኛ ሰይጣኑን አስወጥተን ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ልናደርገው ምንም አልቀረን።

መልስ 18 አጭር ነበር። ከዐሥራ ሁለቱ ውስጥ ሴት የሠራችው አንድም የለም ብላ የቅድስት ይልማን ‹ረቡኒ› እና የሄርሞን ኃይላይን ‹የፍቅር ዋጋ› አቀረበች። የተቃወመ የለም። ሁለቱም ገቡ።

ከ19 እስከ 25 ያለው ስለ ዓሣ ነው። አዎ፣ ስለ ዓሣ። አንዱ ከፊልሙ በኋላ ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ጥብስ እንብላ አለ። ሌላው ዓርብ መሆኑን አስታወሰው። ሦስተኛው ዓሣ የጾም ነው አለ። አራተኛዋ የጾም አይደለም አለች። አንዱ አያቱ ዘጌ ነበሩ፣ እሳቸው ይበሉ ነበር ብሎ ምስክር አቆመ፤ ሌላው የአያትህን ጾም ለአያትህ ተውለት አለው። መሐል ላይ አንድ ሰው እምቦጩ ሐይቁን እያፈነው ለየትኛው ዓሣ እንደምንጣላ ጠየቀ። ትንሽ ዝም ተባለ። በመጨረሻ ፊልሙ ወደ ሐሙስ ይዛወር የሚል ሐሳብ መጣና ተስማማን። ክሩ ውስጥ ሁላችንም የተስማማንበት የመጀመሪያው ጉዳይ ይህ ነው።

መልስ 26 ላይ አንድ ትልቅ ሰው ገቡ። ድሮ እዚሁ ከተማ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ዕድሜያችሁ የደረሰ ታውቁታላችሁ፤ በር ላይ ጥቁር መጋረጃ፣ ውስጥ አግዳሚ ወንበር፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና የካሴት ማጫወቻ ዴክ። ውጭ ላይ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ይጻፋል። እሳቸውም ምርጫ ነበረባቸው። በየቀኑ ሦስት ፊልም መምረጥ አለባቸው፤ ከተሳሳቱ አግዳሚው ባዶ ይሆናል። እንዴት ይመርጡ እንደነበር በዝርዝር ጻፉ። የሚገባውን ሰው አይቆጥሩም። መጀመሪያ የሚገባው በፖስተሩ ተታሎ ሊሆን ይችላል። የሚቆጥሩት በማግስቱ ተመልሶ ለዚያው ፊልም የሚከፍለውን ነው። አንዳንድ ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ገንዘቡን አይቀበሉትም ነበር። እሱ ፊት ተቀምጦ ቀጥሎ የሚመጣውን እየነገረ ሌላውን ያስፈራራላቸዋል፣ ያስቅላቸዋል። አማርኛ ፊልም በካሴት መምጣት ሲጀምር ጊዜ ከሕንዱ ጋር እያፈራረቁ ያሳዩ ነበር። የሕንዱን ተመልሶ የሚያየው ለዘፈኑ ነው፤ የአማርኛውን ለንግግሩ ነው አሉ።

ይህን አንብቤ አባባ፣ ዝርዝሩን እርስዎ ቢሠሩልንስ ብዬ ለመንኩ። አልሠራም አሉ። ዝርዝር በጠመኔ ነው የሚጻፈው፣ ማታ ይጠፋል አሉኝ።

መልስ 27 የቱርክ ትርጉም ይካተት አለ። አይካተትም። መልስ 28 መብራት ቢሄድስ አለ። ጄኔሬተር የለንም፤ እንጠብቃለን።

መልስ 29 ሕግ ያጠና ሰው ነው፤ ወይም እንደ ሕግ ሰው ይጽፋል። ሁላችንም ሰማይ ላይ ስንከራከር መሬት ያወረደን እሱ ነው። እነዚህን ፊልሞች ለማሳየት የማንን ፈቃድ ይዛችኋል ብሎ ጠየቀ። እኔ በነፃ እኮ ነው አልኩ። ነፃ መሆኑ የባለቤቱን መብት አይሽርም አለኝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ሥራን ለሕዝብ ማሳየት ከባለቤቱ መብቶች አንዱ ነው። ድምፁ ቆጣ ያለ ነበር። እስካሁን ከፍላሽ ላይ ሲታዩ የነበሩትንም አነሳብን። አንዱ አድናቂ እንጂ ነጋዴ አይደለንም ብሎ መለሰለት። እሱም የፊልም ሠሪውን ጉሮሮ የዘጋው ነጋዴው ብቻ እንዳልሆነ፣ ፍላሹን ይዞ ከቤት ቤት የሚዞረው አድናቂም እንዳለበት ጻፈ። ለዚህ ማንም አልመለሰም።

እንግዲህ መልእክት መላክ ጀመርኩ። ስልክ ያገኘሁለት ጋ ደወልኩ፣ ያላገኘሁለት ጋ በፌስቡክ ጻፍኩ። አንዳንዱ አላነበበውም። አንዱ አንብቦ ዝም አለ። አንዱ ፊልሙ ለማን እንደተሸጠ ራሱም ረስቶታል። አንዲት ሴት ግን በዚያው ቀን መለሰችልኝ፤ ባሕር ዳር ሰው ቁጭ ብሎ ፊልሟን ሊያይ መሆኑ አስደስቷት ጥሩውን ቅጂ ራሷ እልካለሁ አለች። በሳምንቱ መጨረሻ ፈቃድ ያገኘሁላቸው አምስት ናቸው። ‹ሂሩት›ን አላገኘሁትም። ያ ሁሉ የተጣላንበት ግሪካዊ በሕጌም ባይባረር የሚገባበት ቅጂ የለኝም። ከ4 እስከ 17 ድረስ በአሳብ ስንዋጋ የነበርነው፣ ግማሹ በእጃችን ስለሌለ ነገር ነው። ይህን ክሩ ላይ ስጽፍ መልስ 4 ተመልሶ መጣና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም አለኝ። ለ‹ጉማ› የሚጠየቅ ሰው አውቃለሁ ብሎ ስልክ በውስጥ ላከልኝ።

መልስ 33 ላይ የሒሳብ መምህሩ ተመለሱ። የመልስ 9ን ቀልድ ከምር ወስደው ሲያሰሉ ቆይተዋል። የዚያ ዓመት የቬኒስ ፌስቲቫል የተዘጋው፣ ‹ጤዛ›ም ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት የወሰደው ሴፕቴምበር 6 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ ሲመለስ ጳጉሜን 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ይመጣል። ወሯ ባለቤት አላት አሉ። ‹ጤዛ› ለጳጉሜን ተሰጠ። ፈቃዱ ገና ነው፣ ግን ተሰጠ። የመልስ 14 እህት እንኳ የቬኒሱን ነገር ይቅር ብላ አውራ ጣት አደረገችለት፤ ምክንያቱም በለቀቀው ቦታ ኮሜዲ ገብቷል።

ከ34 እስከ 38 ያለው ሐሙስ ወይስ ዓርብ የሚለው እንደገና ነው። ዘለልኩት።

መልስ 39 የቪዲዮ ቤቱ አባባ ናቸው። ቤቱን ሲዘጉ ሁሉን ካሴት ሸጠዋል፣ አንድ ብቻ አልጋ ስር ቀርታለች። አማርኛ ፊልም እንደሆነች ያውቃሉ። ወረቀቷ ተልጦ ስሙ አይነበብም፤ እሳቸውም ረስተውታል። የሚያስታውሱት ያ ሦስት ጊዜ የመጣው ልጅ ይቺን ሲያይ እንደነበር ነው። ብትፈልጉ ኑና ውሰዱ አሉ። በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ካሴቷን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ፤ አቧራዋን እንዳትነፋት፣ በጨርቅ ነው አሉኝ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ስሟን ስለማላውቅ ባለቤቷን ልጠይቅ አልችልም፤ ስሟን ለማወቅ ማየት አለብኝ፤ ለማየት ዴክ ያስፈልገኛል። ከተማው ውስጥ ሦስት ጥገና ቤት ጠየቅኩ። ሁለቱ ሳቁብኝ፣ ሦስተኛው ልጅ ዴክ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የሚሠራ ቪዲዮ ዴክ ያለው ሰው ካለ እባካችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። ካሴቱን የሚያነበው ‹ሄድ› ቢቆሽሽም እናጸዳዋለን።

መልስ 41 የፔዳው ተማሪ ነው። ወንበር ተገኘ ወይ ይላል። አልተገኘም። ዱካ ያለው ይዞ ይምጣ።